ከሌሊቱ 8 ሰዓት የገባው አይሱዙ የሰኞ ነው የማክሰኞ? ቀንና ሰዓት ዳታቤዝ ውስጥ ለማስቀመጥ አምስት አማራጮች

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ እህል የሚረከብ ፋብሪካ እናስብ። ገብስ የጫነ አይሱዙ ከመሐል ሜዳ ተነስቶ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8:20 ሚዛን ላይ ይወጣል። ሚዛን ቤት ያለው ልጅ ደብተሩ ላይ «ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018» ብሎ ይጽፋል። ሲስተሙ ደግሞ መኪናውን ሰኞ ላይ ይቆጥረዋል። ጠዋት ሒሳብ ሹሟ ደብተሩንና ሪፖርቱን ስታስተያይ አይገጥሙም። ከዚያ ስልክ የሚደወለው ሲስተሙን ለሠራው ሰው ነው።

ነገሩ የተቆላለፈ አይደለም። እኛ ከዩቲሲ (አገሮች ሰዓታቸውን ከሚለኩበት ዓለም አቀፍ ሰዓት) 3 ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 8:20 በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 25፣ 2025፣ 02:20 ነው፤ በዩቲሲ ግን ገና ኖቬምበር 24፣ 23:20 ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የተመዘገበ ነገር ሁሉ በዩቲሲ ሲታይ የትናንት ይሆናል። ቀን ቀን ብቻ የሚሠራ ሱቅ ይሄ ጣጣ መኖሩን ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ፋብሪካ፣ ሌሊት የሚጋግር ዳቦ ቤት፣ ማዋለጃ ክፍል ያለው ጤና ጣቢያ ግን በየቀኑ ይገጥመዋል።

መፍትሔ ስትጠይቁ የምትሰሙት ምክር ይለያያል። አንዱ «ሁሉንም በዩቲሲ አስቀምጥ፣ አለቀ» ይላል። ሌላው «እኛ አገር ሰዓት ወደፊት ወደኋላ አይደረግ፤ የአገር ቤቱን ሰዓት እንዳለ ክተተው» ይላል። ሦስተኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በጽሑፍ ያስቀምጣል። ሁሉም በከፊል እውነት አላቸው፣ ለዚያ ነው ሰው ግራ የሚጋባው። ስለዚህ መጀመሪያ መመዘኛ እናስቀምጥ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እንያቸው።

በምን እንመዝናቸው

የመጀመሪያው የቀን ሪፖርት ትክክለኛነት ነው። «የማክሰኞ ገቢ ስንት ነው» ስንል ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ያለውን በትክክለኛው ቀን ይቆጥራል ወይ? ይሄን ያላለፈ አማራጭ ቢፈጥንም ባይፈጥንም ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ኢንዴክሱ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ኢንዴክስ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የምታቀርቡት ጥያቄ) ሊጠቀምበት መቻል አለበት። ኢንዴክስ ፋይሎቹ በቀን ቅደም ተከተል የተደረደሩበት መዝገብ ቤት ማለት ነው። «ከዚህ እስከዚህ ያሉትን አምጣ» ካላችሁት ሠራተኛው ቀጥታ ሄዶ ያነሳል። «እያንዳንዱ ፋይል ላይ 3 ሰዓት ደምረህ ቀኑ ማክሰኞ የሚሆነውን አምጣ» ካላችሁት ግን ሁሉንም እየከፈተ ማስላት ይኖርበታል። ዳታቤዙም እንደዚያው ነው፤ ኮለሙን በፈንክሽን ስትጠቀልሉት ኢንዴክሱን ትቶ ቴብሉን ከላይ እስከ ታች ያነበዋል።

ሦስተኛው ሌላ አገር ያለ ተጠቃሚ ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክበት ወይም ትኬት የሚቆርጥበት ሲስተም ከሆነ ይሄ ከባድ ሚዛን አለው። አይደለም? እለፉት።

አራተኛው በኢትዮጵያ ወርና በጀት ዓመት ሪፖርት ማውጣት ነው። ውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች አይነኩትም፣ እኛ ጋ ግን ሥራ አስኪያጁ የሚጠይቀው «የኅዳርን አምጣ» ብሎ ነው እንጂ «የኖቬምበርን» ብሎ አይደለም።

አምስተኛው ወጪ ነው፦ የዲስክ ቦታ፣ የመጻፍ ፍጥነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ሲስተሙን ለመረዳት የሚያጠፋው ጊዜ።

አማራጭ 1፦ የአገር ቤት ሰዓት፣ ያለ ዞን

ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ «ዴትታይም»፣ ፖስትግሬስ በሚባለው «ታይምስታምፕ ያለ ታይም ዞን» የሚባሉት ናቸው። የጻፋችሁትን ያስቀምጣሉ፣ ያስቀመጡትን ይመልሳሉ። 02:20 ብላችሁ ከጻፋችሁ 02:20 ነው፤ የት አገር 02:20 እንደሆነ አያውቁም።

እውነቱን ለመናገር ለአንድ ሱቅ፣ ለአንድ ኮምፒውተር፣ ለአንድ ከተማ ይሄ መጥፎ አይደለም። ሪፖርቱ ትክክል ይወጣል፣ ኢንዴክሱም ኩዌሪውን በወሰን እስከጻፋችሁ ድረስ ይሠራል። ማንበብም ይቀላል፤ ቴብሉን ከፍቶ የሚያይ ሰው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው የሚያየው፣ ማለቴ በፈረንጅ አቆጣጠር።

ጉዱ የሚመጣው ሲስተሙ ሲንቀሳቀስ ነው። ቢሮ ውስጥ የነበረው ሰርቨር ሰዓቱ በምሥራቅ አፍሪካ ተሞልቶ ሲሠራ ከርሟል። አንድ ቀን ወደ ክላውድ ይዛወራል፤ ክላውድ ሰርቨሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሲ ነው የሚመጡት። «የአሁኑን ሰዓት መዝግብ» የሚለው ነባሪ ዋጋ ከዚያች ቀን ጀምሮ 3 ሰዓት ወደኋላ ይጽፋል። ስህተት የሚል መልእክት የለም፣ ምንም አይቆምም። አንድ ቴብል ውስጥ ግማሹ ረድፍ በአገር ቤት ሰዓት፣ ግማሹ በዩቲሲ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ የቱ የቱ እንደሆነ የሚናገር ምልክትም የለም።

የውጭ ተጠቃሚ ካለ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት። አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓቱ ወደኋላ ሲመለስ ከ1:00 እስከ 2:00 ያለው አንድ ሰዓት ሁለት ጊዜ ይመጣል። በእነሱ ሰዓት ያለ ዞን ካስቀመጣችሁ 1:30 የትኛው 1:30 እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ የጊዜ ቅደም ተከተሉም ይዛባል።

አማራጭ 2፦ ዩቲሲ፣ ጥያቄው በወሰን

በፖስትግሬስ «ታይምስታምፕ ከታይም ዞን ጋር»፣ በማይኤስኪውኤል «ታይምስታምፕ»፣ ሞንጎዲቢ በሚባለው ዳታቤዝ «ዴት»። ሦስቱም ውስጣቸው ዩቲሲ ነው። በፖስትግሬሱ ስም ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ታይም ዞኑን አያስቀምጥም። የሰጣችሁትን ሰዓት ወደ ዩቲሲ ይቀይርና ዞኑን ይጥለዋል፣ ሲያወጣ ደግሞ በሴሽኑ (ከዳታቤዙ ጋር በከፈታችሁት ግንኙነት) ዞን ቀይሮ ያሳያችኋል። መጠኑም ዞን ከሌለው ጋር እኩል 8 ባይት ነው፣ ስለዚህ «ቦታ ይበላል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

እዚህ ዋናው ነገር አጠያየቁ ነው። «ቀኑ ከኅዳር 16 ጋር እኩል የሆነውን» ብላችሁ አትጠይቁ። የኅዳር 16ን መጀመሪያና መጨረሻ በዩቲሲ አስሉና በሁለቱ መካከል ያለውን ጠይቁ፦ ከኖቬምበር 24፣ 21:00 ጀምሮ፣ ከኖቬምበር 25፣ 21:00 በታች። ኮለሙን ምንም ፈንክሽን አልነካውም፣ ተራ ኢንዴክስ በቀጥታ ይሠራል። አይሱዙውም 23:20 ላይ ስለሆነ ማክሰኞ ውስጥ ይገባል።

«በታች» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «ቢትዊን» የሚለው ትእዛዝ ሁለቱንም ጫፍ ያካትታል፤ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ የወደቀ ረድፍ በሁለት ቀን ይቆጠራል። ይሄን ለመሸሽ መጨረሻውን 23:59:59 የሚያደርጉ አሉ። ያኔ ደግሞ 23:59:59.4 ላይ የተመዘገበው ከሁለቱም ቀን ይጠፋል። መጀመሪያው እኩል ወይም በላይ፣ መጨረሻው በታች። በቃ።

ለእኛ ደግሞ ይሄ አማራጭ የውጭ መመሪያዎች የማያነሱት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለኢትዮጵያ ካሌንደር ግድ የለውም። እነዚህ ዳታቤዞች «ወር አውጣልኝ» ሲባሉ የሚሰጧችሁ የፈረንጅ ወር ነው። ወሰን ግን የማንም ወር ሊሆን ይችላል። ኅዳር 2018 ማለት ከኖቬምበር 10 እስከ ዲሴምበር 9፣ 2025 ነው፤ በዩቲሲ ከኖቬምበር 9፣ 21:00 ጀምሮ ከዲሴምበር 9፣ 21:00 በታች። የ2018 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ስለሚጀምር ከጁላይ 7፣ 2025፣ 21:00 ጀምሮ ከጁላይ 7፣ 2026፣ 21:00 በታች። ጳጉሜ 5 ትሁን 6 የሚጨነቀው የእናንተ ኮድ ነው፣ ዳታቤዙ ሁለት ቁጥር ብቻ ያያል። ያው አንድ ኢንዴክስ ለቀን፣ ለወር፣ ለሩብ ዓመት፣ ለበጀት ዓመት ያገለግላል።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በቀን የተከፋፈለ ሪፖርት፣ ማለትም የወሩን እያንዳንዱን ቀን በአንድ ኩዌሪ ማውጣት ስትፈልጉ፣ ለመቧደን ሰዓቱን መቀየራችሁ አይቀርም። ወሩን በወሰን ካጠበባችሁ በኋላ የአንድ ወር ረድፍ ላይ ብቻ ስለሚሰላ ብዙ ጊዜ አይከብድም። ሁለተኛው ሰው ነው። አንዱ ባልደረባ ወሰኑን ትቶ ኮለሙን ወደ «ዴት» ቀይሮ ይጠይቃል። ያኔ ኢንዴክሱ ይቀራል፤ ይባስ ብሎ በፖስትግሬስ ያ ቅየራ በሴሽኑ ታይም ዞን ስለሚወሰን ያው ኩዌሪ በሒሳብ ሹሟ ኮምፒውተርና በሰርቨሩ ላይ የተለያየ መልስ ይሰጣል።

ስለ ማይኤስኪውኤል «ታይምስታምፕ» አንድ ነገር። 4 ባይት ብቻ ነው፣ ያሳሳል። ግን ጃኑዋሪ 19፣ 2038፣ 03:14:07 ዩቲሲ ላይ ያበቃል። በእኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ የጥምቀት ጠዋት 12:14 ላይ መሆኑ ነው። ሩቅ ይመስላል፤ የመሬት ሊዝ ወይም የረጅም ጊዜ ብድር ማብቂያ ቀን የሚመዘግብ ሲስተም ግን ዛሬውኑ ያንን ድንበር ያልፋል። ለእንደዚህ ዓይነቱ «ዴትታይም» ወስዳችሁ ውስጡ ዩቲሲ ጻፉ፤ 5 ባይት ነው፣ ልዩነቱ ኢምንት ነው።

አማራጭ 3፦ ዩቲሲ እና ለብቻው የቀን ኮለም

ይሄ አማራጭ 2ን ሳይተው የሚጨምር ነው። ትክክለኛው ቅጽበት በዩቲሲ ይቀመጣል፣ ከጎኑ «የሥራ ቀን» የሚባል ኮለም ይኖራል፣ እሱም ኢንዴክስ ይደረጋል። ወይም ኮለሙን ሳትፈጥሩ በስሌቱ ላይ ኢንዴክስ ትሠራላችሁ።

ፖስትግሬስ ላይ መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ እንቅፋት አለ። ታይምስታምፑን ቀጥታ ወደ «ዴት» ቀይራችሁ ኢንዴክስ ልሥራ ስትሉ «ኢሚዩተብል» (መልሱ የማይለዋወጥ) አይደለም ብሎ ይመልሳችኋል። እልኸኛ ሆኖ አይደለም። መልሱ እንደ ሴሽኑ ዞን የሚለዋወጥ ከሆነ ኢንዴክስ ውስጥ የትኛውን ይጻፍ? የሚሠራው መንገድ ዞኑን በስም መጥቀስ ነው፤ «አት ታይም ዞን፣ አፍሪካ/አዲስ አበባ» ብላችሁ ከቀየራችሁ በኋላ ወደ «ዴት» አምጡት። ያኔ ይቀበላል። ኩዌሪው ግን ኢንዴክሱ በተሠራበት መልክ ቃል በቃል መጻፍ አለበት፤ ትንሽ ከተለየ ኢንዴክሱን አያየውም። በዚህ ምክንያት እኔ ከስሌት ኢንዴክስ ይልቅ በራሱ የሚሞላ ኮለም እመርጣለሁ። ፖስትግሬስ ከ12 ጀምሮ፣ ማይኤስኪውኤል ከ5.7 ጀምሮ አላቸው። ማይኤስኪውኤል ላይ ዩቲሲ የያዘ ዴትታይም ካላችሁ 3 ሰዓት ደምሮ ቀኑን መውሰድ በቂ ነው።

አሁን ጠንቀቅ ማለት የሚያስፈልገው ቦታ። ፖስትግሬስ ላይ የዞኑን ስም ትታችሁ «ዩቲሲ+3» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምልክቱን በተቃራኒው ነው የሚረዳው፤ ፖዚክስ በሚባለው የቆየ የኮምፒውተር አጻጻፍ መደመር ማለት ከግሪንዊች ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ 3 ሰዓት ከመጨመር ይልቅ ይቀንሳል። ሌላ አገር ያለ ሰው የ6 ሰዓት ስህተት ሲያይ ወዲያው ይነቃል። እኛ ግን አንነቃም! ምክንያቱም የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ ልክ በ6 ሰዓት ነው የሚለየው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተመዘነ መኪና 03:00 ሆኖ ይወጣል፣ ሰው ሁሉ «ጎበዝ፣ በእኛ ሰዓት አሳየ» ይላል። ሰዓቱ የእኛን ይመስላል፣ ቀኑ ግን የሚቀየረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው የሌሊቱ ፈረቃ ሥራ በሙሉ ወደ ትናንት ይሄዳል። አይሱዙው ብቻ ሳይሆን ንጋት 11:30 የገባው ሲኖትራክም አብሮ ሰኞ ይሆናል። ይሄንኑ አውቀው፣ ሰርቨሩን ዩቲሲ ሲቀነስ 3 ላይ አድርገው የኢትዮጵያን ሰዓት ለማሳየት የሚሞክሩም አሉ። የ6 ሰዓቱ ልዩነት ታይም ዞን አይደለም። ስክሪን ላይ ሲታይ ብቻ የሚቀየር ነገር ነው፣ ዳታቤዝ ውስጥ ቦታ የለውም።

የዚህ አማራጭ ጥሩ ጎን ሪፖርት የሚያወጣው ሰው ምንም ማሰብ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። የሥራ ቀን እኩል ኅዳር 16፣ በቃ። ከዚህ በላይ ደግሞ «ቀን» የሚለውን እንደ ድርጅቱ ደንብ መተርጎም ትችላላችሁ። አንዳንድ ፋብሪካ ሌሊቱን ሙሉ የሠራውን ፈረቃ ለጀመረበት ቀን ነው የሚቆጥረው፤ ማታ 4 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 12 ሰዓት የሚወጣው ቡድን ምርቱ ለሰኞ ይጻፍለታል። ያኔ አይሱዙው በሚዛን ቤት የማክሰኞ፣ በምርት ክፍል የሰኞ ሊሆን ነው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ይሄን በታይም ዞን ልፍታው ብትሉ አይፈታም። ሁለት ኮለም ነው መፍትሔው፦ የካሌንደር ቀን እና የፈረቃ ቀን። ደንቡን ደግሞ ከምርት ኃላፊው ጠይቁ እንጂ ራሳችሁ አትፍጠሩት።

ለኢትዮጵያ ቀንም ቦታ አለው። 20180316 የሚል ሙሉ ቁጥር፣ መጀመሪያ ዓመት፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። መተግበሪያችሁ ሲመዘግብ ይሞላዋል። በትክክል ይደረደራል፣ ወር መቧደን ቀላል ነው፣ ጳጉሜም 13 ሆና ትገባለች።

ወጪው አንድ ተጨማሪ ኢንዴክስ ነው፣ እያንዳንዱ ረድፍ ሲጻፍ እሱም ይጻፋል። የቀን ኮለም ብዙ ተመሳሳይ ዋጋ ስላለው ፖስትግሬስ ከ13 ጀምሮ ኢንዴክሱን ጨምቆ ያስቀምጠዋል፣ ስለዚህ ብዙ ቦታ አይወስድም። ሌላው የተደበቀ ወጪ፣ የአገሩ የሰዓት ሕግ ከተቀየረ የተሰላው ኮለምና ኢንዴክስ አሮጌውን ሕግ ይዘው መቅረታቸው ነው። «የኛ አይቀየርም» ትሉ ይሆናል። ሱዳን በ2017፣ ደቡብ ሱዳን በ2021 (በፈረንጅ) ከእኛ ጋር ከነበሩበት አንድ ሰዓት ወደኋላ ብለዋል። ሕጉ ከተቀየረ ከዚያ ወዲህ የገቡትን አስልቶ ኢንዴክሱን እንደገና መሥራት ነው።

አማራጭ 4፦ ኤፖክ ቁጥር

ከጃኑዋሪ 1፣ 1970 ዩቲሲ ጀምሮ ያለፈው ሰከንድ ወይም ሚሊሰከንድ። ኢንዴክሱ ፈጣን ነው፣ ዞን የሚባል ጣጣ የለውም፣ እንደ አማራጭ 2 በወሰን ይጠየቃል። ግን ቴብሉን ከፍቶ ያየ ሰው ምንም አይገባውም። አንዱ በሰከንድ፣ ሌላው በሚሊሰከንድ ከጻፈ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የራሱ የቀን ዓይነት የሌለው ኤስኪውላይት የሚባል ዳታቤዝ ላይ፣ ወይም ሴንሰር የሚልከውን መዝገብ ስትሰበስቡ ውሰዱት። ከዚያ ውጪ የዳታቤዙ የራሱ ዓይነት ይሻላል።

አማራጭ 5፦ በጽሑፍ

«16/03/2018» ብሎ በጽሑፍ ማስቀመጥ የሚመጣው ከምክንያት ነው። ዳታቤዙ ጥቅምት 30ን «30/02» ብላችሁ ስትሰጡት የፌብሩዋሪ 30 መስሎት ይመልሰዋል፣ 13ኛ ወርንም አያውቅም። ሰው ይሰለችና በጽሑፍ ያደርገዋል።

ኢንዴክሱ ግን እንደ ፊደል ነው የሚደረድረው። «10/03/2018» ከ«9/03/2018» ይቀድማል፣ የ2017 ኅዳርና የ2018 ኅዳር ይደባለቃሉ፣ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ጥያቄ የማይሆን መልስ ያመጣል። ሰዓቱን ካካተተ የባሰ ነው፦ «8:20» የሌሊቱ ነው የቀኑ? ቦታውም ከቀን ዓይነት በብዙ ይበልጣል። በጽሑፍ ማድረግ ግድ ከሆነ ዓመት ይቅደም፣ ዜሮው አይቅር፣ ሰዓቱ በዩቲሲ ይሁን፤ ኤስኪውላይት ላይ ይሄ የተለመደ አሠራር ነው። የኢትዮጵያ ቀን ብቻውን የመዝገቡ ዋና ቀን አይሁን፣ ከላይ እንዳልኩት ተጨማሪ ኮለም ይሁን።

በአንድ ገጽ

| አማራጭ | የሌሊት ሥራ ሪፖርት | ኢንዴክስ አጠቃቀም | ሌላ አገር ያለ ተጠቃሚ | የኢትዮጵያ ወር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. የአገር ቤት ሰዓት ያለ ዞን | ሰርቨሩ እስካልተዛወረ ልክ | በወሰን ከተጠየቀ ጥሩ | አይሆንም | በወሰን ይቻላል | ዝቅተኛ፣ በኋላ ግን ያስከፍላል |
| 2. ዩቲሲ በወሰን | ልክ | በጣም ጥሩ፣ አንድ ኢንዴክስ ይበቃል | ይሆናል | በወሰን ይቻላል | ዝቅተኛ፣ የአጻጻፍ ሥርዓት ይፈልጋል |
| 3. ዩቲሲ እና የቀን ኮለም | ልክ፣ የፈረቃ ደንብም ይይዛል | በጣም ጥሩ | ይሆናል | ተጨማሪ ኮለም ካለ ቀላል | መካከለኛ |
| 4. ኤፖክ | በወሰን ልክ | በጣም ጥሩ | ይሆናል | በወሰን ይቻላል | ዝቅተኛ፣ ለማንበብ ያስቸግራል |
| 5. ጽሑፍ | አጠራጣሪ | ደካማ | አይሆንም | በወሰን አይቻልም | በኋላ ከባድ |

ለማን የቱ?

አንድ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፋርማሲ ወይም ሱቅ፣ ባጀቱም ትንሽ ከሆነ፦ አማራጭ 2። አማራጭ 1ም አይገድልም፣ ግን ዋጋቸው እኩል ሆኖ ሳለ ለምን? በነገራችን ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ የሚጠፋበት፣ ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር ካላችሁ የትኛውም አማራጭ አያድናችሁም። ባትሪውን ቀይሩ፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት እንዲስተካከል አድርጉ።

በፈረቃ የሚሠራ ፋብሪካ፣ ዳቦ ቤት፣ ሚዛን ያለው መጋዘን፦ አማራጭ 3፣ ያለ ክርክር። ሪፖርት የሚጠይቀው ሰው ብዙ ነው፣ ሁሉም ወሰን አስልቶ እንዲጽፍ መጠበቅ ዘበት ነው።

ጤና ጣቢያና ሆስፒታል፦ የወሊድ ቅጽበት በአማራጭ 3። የታካሚው የትውልድ ቀን ግን ቅጽበት አይደለም፣ ተራ «ዴት» ይሁን። ሰዓትና ዞን ከጨመራችሁበት አንድ ቀን ወደኋላ ዘሎ ታገኙታላችሁ። ቀጠሮ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ወደፊት ያለ ነገር ስለሆነ የአገር ቤቱን ሰዓትና የዞኑን ስም አብራችሁ አስቀምጡ። ሰዓቱን ወደ ዩቲሲ ሳይቀይሩ መያዝ ተገቢ የሚሆንበት ቦታ ይሄ ነው።

ከውጭ ገንዘብ ወይም ትኬት የሚቀበል ሲስተም፦ አማራጭ 2፣ እና የተጠቃሚውን ዞን በስም በሌላ ኮለም። «ሲቀነስ 4» ብላችሁ አታስቀምጡ፤ ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ በ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ነው ወደኋላ የምትሆነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር የምትጠቀሙ «ዴትታይምኦፍሴት» ልዩነቱን አብሮ ይይዛል፣ ሲያነጻጽርም በዩቲሲ ነው፤ ግን እሱም የሚይዘው ቁጥሩን እንጂ የዞኑን ስም አይደለም።

በየሰከንዱ የሚመዘግብ ሴንሰር ወይም ብዙ ሚሊዮን ረድፍ ያለው መዝገብ፦ አማራጭ 2 ወይም 4፣ ፖስትግሬስ ከሆነ ደግሞ «ብሪን» የሚባለውን ኢንዴክስ ሞክሩ። 10 ሚሊዮን ረድፍ ያለው ተራ ኢንዴክስ ወደ 200 ሜጋ ባይት ገደማ ሲወስድ፣ ብሪን በጣም ትንሽ ነው፤ መረጃው በጊዜ ቅደም ተከተል እየተጨመረ ከሄደ ብቻ ነው የሚያዋጣው። መዝገቡን ኢላስቲክሰርች የሚባለው የፍለጋ ሲስተም ላይ የምትጭኑ ከሆነ እሱም በዩቲሲ ነው የሚያስቀምጠው፤ በቀን ስትቧድኑ ዞኑን ካልነገራችሁት ቀኑን የሚቆርጠው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።

የቆየ ሲስተም የተረከባችሁ፣ አማራጭ 1 ሆኖ ያገኛችሁት፦ መልካሙ ዜና እዚህ አገር መቀየሩ ቀላል መሆኑ ነው። የሚደጋገም ሰዓት ስለሌለን 3 ሰዓት መቀነስ ነው። ከመቀነሳችሁ በፊት ግን ሁሉም ረድፍ በአንድ ሰዓት መጻፉን አጣሩ። በየወሩ ረድፎቹን በሰዓት ቧድናችሁ ቁጠሩ። ሚዛን ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ሥራው ይቀዘቅዛል፣ በፈረንጁ 12:00 እና 13:00 መካከል። ከአንድ ወር ጀምሮ ያ መቀዝቀዝ ወደ 9:00 እና 10:00 ከሸሸ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በዩቲሲ የተጻፈ ነው፣ እሱን አትንኩት።

የቱንም ብትመርጡ ሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት አራት የሙከራ ረድፍ አስገቡ፦ ከሌሊቱ 5:59፣ 6:00፣ 8:59 እና 9:00። የመጀመሪያው በፊተኛው ቀን፣ ሦስቱ በሚቀጥለው ቀን መቆጠር አለባቸው። በጳጉሜ የመጨረሻ ቀን እና በመስከረም 1 መካከል ባለው ሌሊትም ድገሙት። ከዚያ የሴሽኑን ዞን አንዴ ዩቲሲ፣ አንዴ አዲስ አበባ አድርጋችሁ ያንኑ ሪፖርት አውጡ፣ ቁጥሩ ከተለያየ ኮዱ ውስጥ የሆነ ቦታ ኮለሙን ወደ «ዴት» የሚቀይር መስመር አለ ማለት ነው፣ ፈልጉት።